የተወጋ ሥጋ አይረሳም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ተረቱ ስለ ቂም የተነገረ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከቂም አውጥቼ ወደ ሥጋ ልወስደው ፈልጌያለሁ። የተወጋው ሰው ሞቶ አንደበቱ ቢዘጋ እንኳ መወጋቱን የሚያስታውስ ነገር በአካሉ ላይ ይቀራልና ነው። ቆዳው ያስታውሳል፤ የደም ሥሩም ያስታውሳል። የሰው ልጅ ይህን ትዝታ ማንበብ ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ አንብቦ አልጨረሰውም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሁለት ሰዎች ሰኞ ማታ ጠጅ ቤት ውስጥ ተጣሉ እንበል። አንዱ ሌላውን በዱላ ጎኑ ላይ አሳረፈበት። ገላጋይ ገባ፤ ተመቺውም እያነከሰ ወደ ቤቱ ሄደ። ዓርብ ጧት ከገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ጎኑ በልዟል። እንግዲህ ይህ በለዝ ከየት መጣ? የሰኞው ዱላ ነው? ሐሙስ ማታ ሌላ ሰው አግኝቶት ነው? ከገደሉ ሲወድቅ ነው? ወይስ ሬሳው ሲጎተት? አራቱ መልሶች አራት ልዩ ልዩ ፍርዶች ናቸው። በአንደኛው የጠጅ ቤቱ ተደባዳቢ ወኅኒ ይወርዳል፤ በሌላው ገና ስሙ ያልተጠራ ነፍሰ ገዳይ ይፈለጋል፤ በሦስተኛው ማንም አይከሰስም። የሕግ ሕክምና ባለሙያ እንዲህ ያለ ሬሳ ሲቀርብለት ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ሰውዬው ተመትቶ ነው የሞተው ወይስ ሞቶ ነው የተመታው? ተመትቶ ከሆነ፣ ከተመታ ስንት ጊዜው ነው? የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። (ስለ ውጭ አገር ሳወራ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር መስጠቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ወደ ኋላ ስንሄድ የምናገኘው ቻይናን ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ በዉ መንግሥት ዣንግ ጁ የሚባል ሹም ነበር ይላሉ። አንዲት ሴት ባሏን ገድላ ቤቱን አቃጠለችና «ባሌ በእሳት ሞተ» አለች። ሹሙ ሁለት አሳማ አስመጣ። አንዱን አሳረደ፤ ሌላውን ከነነፍሱ አቆየ። ሁለቱንም እንጨት ከምሮ አቃጠላቸው። ከዚያ አፋቸውን ሲያስከፍት ከነነፍሱ የተቃጠለው አፉ አመድ ሞልቶታል፤ የታረደው ግን ንጹሕ ነው። የባልየውም አፍ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ለአሳማው ማዘኔ አልቀረም። ቢሆንም «ሕያው ሥጋ ለጉዳት ምላሽ ይሰጣል፤ ሙት ሥጋ አይሰጥም» የሚለው የመላው ጥበብ መሠረት ከዚህ የጠራ ማስረጃ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በ1247 ሶንግ ሲ የሚባል ዳኛ ለአስከሬን መርማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ ዓላማ ያለ ጥፋታቸው የሚቀጡትን ማዳን ነበር። ከመጽሐፉ ታሪኮች ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው የማጭዱ ነው። አንድ ገበሬ መንገድ ዳር በማጭድ ተቆራርጦ ተገኘ። ገንዘቡ አልተነካም፤ ስለዚህ ገዳዩ ሌባ ሳይሆን ጠላት ነው። መርማሪው የአካባቢውን ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው እንዲመጡ አዘዘ። ሰባ ሰማንያ የሚሆን ማጭድ ፀሐይ ላይ ተደረደረ። ዝንቦች መጥተው አንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ። ባለቤቱ ራሱን መሬት ላይ እያጋጨ አመነ። ይህ ነገር የቀድሞውን የእኛን አፈርሳታ ያስታውሰኛል። እዚያም የአገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ልዩነቱ እኛ ዘንድ የሚናገረው ሰው ሲሆን፣ ሶንግ ሲ ዘንድ የተናገረው ዝንብ መሆኑ ነው።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከማጭዱ ይልቅ የሚጠቅመው ሶንግ ሲ ስለ ቁስል የጻፈው ነው። በሕይወት ሳለ የተቆረጠ ሰው የቁስሉ አፍ ይሸሻል፣ ሥጋው ይኮማተራል፣ ደም ይቋጥራል፤ ከሞተ በኋላ የተቆረጠ ግን ሥጋው ነጭና ደረቅ ሆኖ ይቀራል አለ። ዛሬም ቢሆን ከዓይን ብቻ የሚገኘው መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አውሮፓ ዘግይታ ነው የመጣችው። በ1532 የወጣው የንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ የወንጀል ሕግ ቁስል ያለበት ክስ ሲቀርብ ዳኞች የሐኪም ምስክርነት እንዲሰሙ አዘዘ። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ1575 ለፍርድ ቤት እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር ድርሰት አወጣ፤ ጣሊያናዊው ፓኦሎ ዛኪያም ከ1621 ጀምሮ ትልቁን የሕግ ሕክምና መጽሐፉን አሳተመ። እነዚህ ሁሉ አስተዋይ ሰዎች ነበሩ። ቢሆንም የሚሠሩት በልምድና በጥንት ሊቃውንት ቃል ነበር። ሬሳ ላይ ሙከራ አድርጎ ለማየት የደፈረ ሰው እስኪመጣ ገና መጠበቅ ነበረበት።

ያ ሰው ኤድንብራ ውስጥ ተገኘ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

በ1828 የኤድንብራ የአናቶሚ መምህራን የሬሳ ረሃብ ይዟቸው ነበር። ተማሪው ብዙ፣ በሕግ የሚገኘው አስከሬን ጥቂት ነው። ዊልያም በርክና ዊልያም ሄር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይህን ገበያ ሰሙ። መጀመሪያ በራሱ ጊዜ የሞተ ተከራይ ሬሳ ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ትምህርት ቤት በ7 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ሸጡ። ዋጋው ጣማቸው። ከዚያ ወዲያ ሞት እስኪመጣ መጠበቁን ተዉትና በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ሰው ገደሉ። አገዳደላቸው ብልጠት ነበረበት፤ መጠጥ ያጠጡና ደረት ላይ ተቀምጠው አፍና አፍንጫን ያፍናሉ። ምልክት ብዙም አይቀርም፤ ሬሳውም ለገበያ ንጹሕ ይሆናል።

የተያዙት በመጨረሻዋ ተገዳይ ነው። ዶከርቲ የተባለች አየርላንዳዊት ነበረች። ጥቅምት 31 ማታ ተገደለች፤ ሬሳዋ ታጥፎ የሻይ ቅጠል ሣጥን ውስጥ ተጠቅጥቆ ተሸጠ፤ ፖሊስም ከኖክስ ምድር ቤት አወጣው። ሰውነቷ ላይ በለዝ ነበር፤ አንገቷም ተጎድቷል። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ ሲገድሏት የደረሰ ነው? ወይስ ሬሳዋን ሣጥን ውስጥ ሲያጣጥፏት? ጠበቃ ይህን ጥያቄ ካነሣ ዓቃቤ ሕግ መልስ አልነበረውም። ያንጊዜ በዓለም ላይ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

በዩኒቨርሲቲው የሕግ ሕክምና መምህር የነበረው ሮበርት ክሪስቲሰን በ24 ዓመቱ ወንበሩን የያዘ ሰው ነው። ሬሳዋን መረመረ። ከዚያም ጥያቄውን በወንበሩ ተቀምጦ ከመፍታት ይልቅ ዱላ አነሣ፤ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሬሳቸውን መታና ቆዳው ምን እንደሚሆን አየ። ያገኘውን በ1829 አሳተመ። ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተመታ ሬሳ ላዩን ሲያዩት በሕይወት የተመታ የሚመስል ቀለም ያመጣል። ልዩነቱ ከሥር ነው። በሕይወት ሳለ የተመታ ሰው ደሙ ወደ ሥጋው ዘልቆ ይረጋል፣ ቦታው ያብጣል፤ የሬሳው ግን እንዲያ አይሆንም። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ «ዓይኔ አየ፣ በልዟል» ብሎ መማል የማይበቃ ሆነ ማለት ነው።

በርክ በጥር 28 ቀን 1829 ተሰቀለ፤ ሬሳውም በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ለአናቶሚ ተማሪዎች ተሰጠ። አጽሙ ዛሬም ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ሄር በጓደኛው ላይ መስክሮ ነፃ ወጣ። ለፍርዱ ዋናው የሄር ምስክርነት ነበር እንጂ የክሪስቲሰን ዱላ አልነበረም። ሐኪሙ ስለ አሟሟቷ ሲጠየቅ በመታፈን መሞቷ አይቀርም ከማለት አልፎ ሊምል አልፈለገም። እኔ ይህን ሰው የማከብረው ከሙከራው ይልቅ ስለዚህ ቁጥብነቱ ነው።

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። አርተር ኮናን ዶይል ሕክምና የተማረው ኤድንብራ ነው። በ1887 ሼርሎክ ሆምስን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ አንባቢ ከሰውዬው ጋር ከመገናኘቱ በፊት የሚሰማው ወሬ ሬሳ በዱላ የሚደበድብ እንግዳ ሰው ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱም ከሞት በኋላ ሰው ይበልዝ እንደሆን ለማወቅ ነው። ስለ ሆምስ ሲነሣ የዶይል መምህር ጆሴፍ ቤል ይጠራል፤ ያች ዱላ ግን የክሪስቲሰን ናት።

ክሪስቲሰን የመጀመሪያውን ጥያቄ አስጀመረ። ሁለተኛው፣ «ስንት ጊዜው ነው?» የሚለው፣ ማይክሮስኮፕ ይጠብቅ ነበር። በ1867 በርሊን ውስጥ ዩልዩስ ኮንሃይም የተባለ ወጣት ሐኪም እንቁራሪትን በኩራሬ መድኃኒት አደንዝዞ የአንጀቷን ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሥር ዘረጋ። የደም ሥሩ ሰፋ። ነጮቹ የደም ሕዋሳት ከግድግዳው ጋር መጠጋት ጀመሩ፤ ተለጠፉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ግድግዳውን ሾልከው ወደ ውጭ ወጡ። ዛሬ መግል የምንለው ከየት እንደሚመጣ የታወቀው እንዲህ ነው። ከርሱ በፊትም ይህን ያዩ ነበሩ፤ ዓለምን ያሳመነው ግን እርሱ ነው። መምህሩ ፊርኾ ራሱ መግል ከዚያው ከቦታው ሕዋሳት ይበቅላል የሚል እምነት ነበረው፤ ተማሪው የመምህሩን ቃል አፈረሰ።

ለሕግ ሕክምና ይህ ሰዓት ማለት ነበር። በተቆረጠ ሥጋ ላይ መጀመሪያ ፈጣኖቹ ነጭ ሕዋሳት በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። ትልልቆቹ ጽዳት ሠራተኞች በቀን በሁለት ቀን ይከተላሉ። ከፈሰሰው ደም የተረፈው ብረት፣ በሰማያዊ ቀለም የሚታየው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ ይገኛል። ከዚያ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያቆጠቁጣሉ፤ ለጋው ቀይ ሥጋ ይሞላል፤ በመጨረሻ ጠባሳ። በ1960ዎቹ ፊንላንዳዊው ዩርኪ ራኤካሊዮ ደግሞ ነጭ ሕዋሳት ከመድረሳቸው በፊት በቁስሉ ጠርዝ ላይ የሚለዋወጡ ኢንዛይሞችን በማቅለም ሰዓቱን ወደ መጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊያቀርበው ሞከረ።

በዚህ መሀል ሐኪሞች በፍርድ ቤት የሚጠቀሙበት ሌላ ሰዓት ነበር፤ የበለዝ ቀለም። ቀይ ከሆነ ዛሬ፣ ሰማያዊ ከሆነ ትናንት፣ አረንጓዴ ከሆነ ይህን ያህል ቀን፣ ቢጫ ከሆነ ይህን ያህል የሚሉ ሰንጠረዦች በየመማሪያ መጽሐፉ ታትመዋል። መጽሐፎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ፍርድ ግን ተሰጥቶባቸዋል፤ በተለይ ሕፃን ልጅ ደበደባችሁ በተባሉ ወላጆችና ሞግዚቶች ላይ። በ1991 ላንግሎይስና ግሬሻም የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ዕድሜያቸው የታወቀ በለዞችን ፎቶግራፍ አንሥተው ሲያጠኑ በእርግጠኝነት ሊሉ የቻሉት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቢጫ የታየበት በለዝ ከ18 ሰዓት ያላነሰ ዕድሜ አለው። የቀረው ሰንጠረዥ ሁሉ አሸዋ ላይ የቆመ ነበር። ከዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ቢጫውንና አረንጓዴውን ለማየት ቆዳው ራሱ ነጣ ማለት አለበት። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሐኪሙ ማበጥንና ሕመምን እንጂ ቀለምን ብዙ አያይም። ለአገራችን ሐኪም እነዚያ ሰንጠረዦች ድርብ ከንቱ ነበሩ። ከቆዳው ሥር ያለው የደም ሥር ግን የሁላችንም አንድ ነው።

ወደ እርሱ መጣን።

የደም ሥር የሚያድገው በራሱ ፈቃድ አይደለም፤ ተጠርቶ ነው። ይህን አጥብቆ የተናገረው የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ነው። በ1971 ዕጢ ሊያድግ የሚችለው አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ሲጠራ ነው ሲል ጻፈ። ባልደረቦቹ ለዓመታት ሳቁበት። በ1983 የሃሮልድ ድቮራክ ቡድን የደም ሥርን አሳላፊ የሚያደርግ ፕሮቲን አገኘ፤ በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ የደም ሥር ሕዋስን የሚያበዛ ፕሮቲን ለዩ፤ ሁለቱም አንድ ሆነው ተገኙ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ቪኢጂኤፍ ይባላል። ይህ ጥሪው ነው። ጥሪ ግን የሚሰማ ጆሮ ያስፈልገዋል። በገጠር አንድ ሰው «ኡኡ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ካልሰማ ጩኸቱ ከንቱ ነው። የደም ሥር ሕዋስ ጆሮ «ተቀባይ» ይባላል፤ ግማሹ ከሕዋሱ ውጭ ግማሹ ከውስጥ የሆነ፣ ጥሪውን ከውጭ ይዞ ወደ ውስጥ የሚያቀብል ፕሮቲን ነው።

በ1990 ቶኪዮ ውስጥ ማሳቡሚ ሺቡያና ጓደኞቹ ፍልት የተባለ ጂን አወጡ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ተቀባይ መሆኑ ቅርጹን በማየት ይታወቃል፤ ምን እንደሚቀበል ግን አልታወቀም ነበር። ሰሚው ተገኝቶ ጠሪው ጠፋ። በ1992 ጠሪው ቪኢጂኤፍ መሆኑ ተረጋገጠ። በዚያው ዘመን ሁለተኛው ጂን ተገኘ፤ በሰው ኬዲአር፣ በአይጥ ፍልክ-1 ይባላል። ፍልት-1 በ13ኛው ክሮሞሶም፣ ኬዲአር በ4ኛው ላይ ይገኛሉ። በ1995 ካናዳ ውስጥ ሁለቱን ጂኖች ያጠፉባቸውን አይጦች አረገዙላቸው። ፍልክ-1 የሌለው ጽንስ የደም ሥር ሳያወጣ ሞተ። ፍልት-1 የሌለው ጽንስም ሞተ፤ ግን በተቃራኒው፣ የደም ሥር ሕዋሱ በዝቶበትና ቅርጽ አጥቶ። እንግዲህ አንደኛው ጆሮ «ውጡ» የሚለውን የሚሰማ ሲሆን ሌላው ጥሪውን እየያዘ የሚያበርድ ሽማግሌ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብና ድካም የፈሰሰው ለካንሰርና ለዓይን በሽታ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ለነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ብሎ ጂን የሚያጠና የለም። የሕግ ሕክምና ሁልጊዜም ከሌሎች ማዕድ ፍርፋሪ ለቃሚ ነው። ፍርፋሪውን ያነሡት ጃፓኖች ናቸው። በዋካያማ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ የነቶሺካዙ ኮንዶና የዩኮ ኢሺዳ ቡድን ዕድሜያቸው የታወቀ የሰው ቁስሎችን ከአስከሬን ምርመራ እየሰበሰበ በማቅለም ያጠናል። በ2004 በታተመ ጥናት የቪኢጂኤፍ ምልክት ጎልቶ የታየው ከ7 እስከ 14 ቀን ዕድሜ ባላቸው ቁስሎች ነበር። በ2015 ደግሞ ፍልክ-1ን ራሱን እንደ መታወቂያ ተጠቀሙበት። በ1997 አሳሃራና ባልደረቦቹ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ አዲስ የደም ሥር የሚሆኑ ሕዋሳት እንዳሉ አሳይተው ነበር፤ እነዚህ ሕዋሳት በላያቸው ፍልክ-1 አለባቸው። በትኩስ ቁስል አይገኙም፤ ቁስሉ ሲሰነብት ግን ጥሪውን ሰምተው ይሰበሰባሉ። በማይክሮስኮፕ ሥር መቁጠር ነው።

እዚህ ላይ ወደ ጠጅ ቤቱ እንመለስ። ሟቹ ዓርብ ሲገኝ የሰኞው በለዝ አራተኛ ቀኑ ነው። ጽዳት ሠራተኞቹ ሕዋሳት በቦታው ከሞሉ፣ ብረቱም ከታየ፣ በለዙ የሐሙስ ማታ ነው ወይም ሬሳው ሲጎተት የመጣ ነው የሚለው ክስ ይዳከማል። ፍልክ-1 ያላቸው ሕዋሳት በርክተው ቢገኙ ደግሞ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ቁስሉ ከሰኞም በፊት የነበረ ሊሆን ይችላልና የጠጅ ቤቱ ሰው ጠበቃ እጁን ያወጣል። እንዲህ ያለው መልስ የአንድ ሰው ሃያ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ተቀባዩ የማይመልሰው ግን የክሪስቲሰንን ጥያቄ ነው። ሰው ከተመታ በኋላ በአሥር ደቂቃ ከሞተ ጥሪው ገና አልተጠራም፣ ማንም አልሰማም፤ በጆሮው በኩል ይህ ቁስል ከሬሳ ቁስል አይለይም። በሌላ በኩል የሕዋሳት ሞት የልብን ሞት ተከትሎ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ለጥቂት ጊዜ አንዳንድ ሕዋሳት ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ጂኖቻቸውም እንዲሁ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችና ሰዓታት ውስጥ ያለው ጭጋግ ከ1829 ወዲህ ሳስቷል እንጂ አልጠፋም። በዚህ ላይ ሽማግሌ ከወጣት ዘግይቶ ይድናል። ስኳር በሽታ ያለበት፣ የተራበ፣ ኮርቲሶን የሚወስድ ሰው የደም ሥሩ ጥሪን ቶሎ አይሰማም። ጥናቶቹም በጥቂት አሥር ቁስሎች ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ ምርመራ ብቻውን ይዞ «ቁስሉ በዚህ ቀን የደረሰ ነው» ብሎ የሚምል ባለሙያ ካለ፣ የበለዝ ቀለም ሰንጠረዡን ሰዎች ያስታውሰኛል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለረጅም ዘመን ከመላ አገሪቱ አስከሬን ለምርመራ ይመጣ የነበረው ወደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከሩቅ ገጠር ሬሳ ተጭኖ ቀናት ሲጓዝ የሚበሰብሰው ቀድሞ እነዚህ ስስ ፕሮቲኖች ናቸው። ባህላችን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መቅበር ነው። ጥርጣሬ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተዝካር በኋላ ነው። ያኔ መቃብር ቢከፈት ሥጋው የለም። አጥንት የሚናገረው በራሱ ቋንቋ ነው፤ ተሰብሮ መዳን የጀመረ እንደሆነ ይታያል፤ ሲሞት የተሰበረና እንደሞተ የተሰበረ ግን ይመሳሰላሉ።

በ1986 ዓ.ም. የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን አዲስ አበባ መጥቶ የቀይ ሽብር ሟቾችን አጽም ሲያወጣ የገጠመው ይኸው ነው። ከታሰሩበት ሲወሰዱ ስንት ጊዜ እንደተገረፉ፣ ግርፋቱ ከመገደላቸው ሳምንት በፊት ይሁን በዋዜማው፣ የውስጥ እግራቸው ቆዳ ያውቅ ነበር። ያ ቆዳ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ቆይቶ አልቋል። ኮተቤ ከተገኙት አጽሞች ጋር የተገኘው የናይሎን ገመድ ነው። ናይሎን አይበሰብስም፤ በአንገት አጥንት ዙሪያ እንደታሰረ ነበር።